ሴል ውስጥ ያለው «ቆራሌው»

«ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረውን ልጅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሴላችን ውስጥም አለ። ያረጀ ፕሮቲንና የተበላሸ ዕቃ በከረጢት ይጠቀልልና አሲድ ወዳለበት ሌላ ከረጢት ይወስዳል፤ ተፈጭቶ የወጣው ለነዳጅም ለጥገናም ይውላል። በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ «አውቶፋጂ» አለው፤ ራስን መብላት እንደማለት ነው። ከዚያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ነገሩ ያስጨነቀው ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እርሾ (አዎ፣ እርሾ!) እያስራበ ሥራውን የሚመሩትን ጂኖች ለቀመ፤ በ2016 ኖቤል አገኘበት።

ካንሰር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ እነ ቤዝ ሌቪን ቤክሊን 1 የተባለው የአውቶፋጂ ጂን ዕጢን እንደሚገታ አሳዩ። ይህ ጂን በብዙ የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማምረቻ፣ ካንሰሮች ውስጥ ከሁለት ቅጂው አንዱ ጎድሎ ይገኛል። በቃ፣ ቆራሌው ሲቀር ቆሻሻው ይከመራል፣ ካንሰር ይመጣል ተባለ። ችግሩ ቤክሊን 1 የታወቀው የብራካ ዋን ጂን ጎረቤት መሆኑ ነው፤ የጠፋው በጎረቤቱ ጦስ ይሆናል ብለው የተከራከሩም አሉ።

ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ በ2008 ከሂዩስተን የወጣው ሥራ ነው። የኦቫሪ ካንሰር ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ መገኘቱና በኬሞቴራፒ ጠፋ ሲባል ተመልሶ መምጣቱ ነው። ተመራማሪዎቹ በሰው የኦቫሪ ካንሰር ሴሎች ውስጥ አርሂ የሚባል ጂን ቀስቅሰው አውቶፋጂን አስጀመሩ። ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሴሎቹ በጥቂት ቀን ሞቱ። አይጥ ውስጥ ግን አልሞቱም፤ ተኙ። ከሳምንታት በኋላ ጂኑ ሲጠፋ ነቅተው አደጉ። ተኝተው ሳለ ክሎሮኪን የተሰጣቸው ግን ዳግም ማደጋቸው ቀነሰ። ክሎሮኪን ያው የወባው ክኒን ነው፤ የመፍጫውን ከረጢት አሲድ ያዳክማል።

አይጥ አይጥ ነው። ክሎሮኪንም ሆነ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እስካሁን ለኦቫሪ ካንሰር የጸደቀ ሕክምና አይደሉም፤ ጤነኛ ሴልም በዚያው ቆራሌው ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ ካንሰሩ ሌላ ቀለብ አለው። በ2011 የቺካጎ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ሞራ ላይ ሲሰፍር የሞራው ሴሎች ስባቸውን ያቀብሉታል (ሞራ ገላጮቻችን ይህን አላነበቡትም)። ቆራሌው ቢባረር እንኳ ጎረቤት ይቀልበዋል ማለት ነው።