የድምፅ ማጉያ ለቤት አሬንጀር ኪቦርድ

አሬንጀር ኪቦርድ፥ ተጫዋቹ በግራ እጁ የያዘውን ኮርድ ተከትሎ ከበሮውን፣ ባሱን፣ ጊታሩንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ራሱ እያጀበ፥ በቀኝ እጁ የሚጫወተውን ዜማ በመሪነት የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በስፋት ከሚታወቁት መካከል የያማሃ ፒኤስአርና ጄኖስ፣ የኮርግ ፒኤ፣ እንዲሁም የጣሊያኑ የኬትሮን ምርቶች ይገኙበታል። ከአንድ መሣሪያ የሙሉ ባንድ ድምፅ ስለሚወጣ፥ ያንን ድምፅ ለጆሮ የሚያደርሰው ማጉያ ለጊታር ብቻ ወይም ለንግግር ብቻ ከተሠራው የሰፋ ግዴታ አለበት፤ የባሱን ዝቅተኛ ድምፅና የሲምባሉን ቀጭን ድምፅ በአንድ ጊዜ፥ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው፥ ማሰማት ይጠበቅበታልና።

መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ኪቦርዶች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ስፒከር አላቸው፤ ለምሳሌ ያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ900 በግራና በቀኝ 15 ዋት አምፕሊፋየር ተገጥሞለታል። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ግን፥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ታይሮስና እ.ኤ.አ. በ2017 የታይሮስን ተከታታይ የተካው ጄኖስ እንደሚያሳዩት፥ ያለ ስፒከር ይሸጣሉ፤ ማጉያው ለብቻው የሚገዛ ወይም ከሌላ አምራች የሚመረጥ ይሆናል። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ይህንኑ ምርጫ ነው።

ጥንተ ታሪክ

የአሬንጀር ኪቦርድ መነሻ አከራካሪ ነው፤ ክርክሩም በአብዛኛው መሣሪያው ምን ሲያደርግ አሬንጀር ይባላል ከሚለው ጥያቄ የሚመነጭ ይመስላል። መሣሪያው ራሱ ምት መምታቱን እንደ መነሻ የሚቈጥሩ ሰዎች፥ ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ወዳወጣው ሳይድማን ወደተባለው የምት መሣሪያ ያመለክታሉ፤ ይህም ከቤት ኦርጋን ጎን ቆሞ የዳንስ ምት የሚሰጥ ሣጥን ነበር። አጃቢው በኮርድ መታዘዙን የሚያስቀድሙት ደግሞ፥ የመጫወቻ አምራቹ ማቴል እ.ኤ.አ. በ1971 በቅርንጫፉ በኩል ለገበያ ያቀረበውን ኦፕቲጋን ይጠቅሳሉ፤ በእርሱ ውስጥ የእውነተኛ ሙዚቀኞች አጃቢ ድምፅ በፊልም ዲስክ ላይ ተቀርጾ በብርሃን ይነበብ ነበር።

ሌሎች መሣሪያው ወደ ተራው ሰው ቤት መግባቱን እንደ ዋና ነገር ወስደው ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን ኤምቲ-40 ያነሣሉ። ይህች ትንሽ ኪቦርድ በታሪክ ስሟ የተጻፈው በሌላ ምክንያትም ነው፤ በውስጧ ከነበሩት አጃቢ ምቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 በጃማይካ ለወጣው የዌይን ስሚዝ «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» መሠረት ሆኖ የሬጌን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሮኒክ አሠራር ካዞሩት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይነገራል። መግቢያ፣ ማሸጋገሪያና መዝጊያ ያለው፥ የግራ እጅን ኮርድ እየተከተለ የሚለዋወጥ የዛሬው ዓይነት «ስታይል» መልኩን የያዘው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ሮላንድም በጣሊያን ቅርንጫፉ ያዘጋጃቸው የኢ ተከታታይ ኪቦርዶች በዚህ ረገድ ደጋግመው ይጠቀሳሉ።

የሌስሊ ማጉያ

የዶናልድ ሌስሊ ታሪክ ስለ ቤት ኦርጋን ሲነገር ሳይነሣ የማይታለፈው፥ ዛሬም ኪቦርድ ገዢውን የሚያጋጥመውን ችግር አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው። ሎረንስ ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 ለሽያጭ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ኦርጋን፥ የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት ዐቅም ባልነበራቸው የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ፈጥኖ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። የካሊፎርኒያ ነዋሪ የነበረው ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1937 ይህንኑ ኦርጋን በሰፊ የመሸጫ አዳራሽ ሰምቶ፥ ወድዶ፥ ገዛው፤ ወደ ቤቱ ካስገባው በኋላ ግን በአዳራሹ ተንሰራፍቶ የነበረው የድምፁ ግርማ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ጠፍቶ፥ ደረቅና ሕይወት የሌለው ሆኖ እንዳገኘው ይተረካል።

ሌስሊ መፍትሔ ያደረገው ድምፁ ራሱ እንዲንቀሳቀስ ማድረግን ነው። በኋላ ዝነኛ በሆነው 122 በተባለው ዓይነት ውስጥ፥ ባለ 40 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር ያጎላው ድምፅ በ800 ኸርዝ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደሚሽከረከር ቀንድ፥ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ወደ ታች በተደፋ ባለ 15 ኢንች ስፒከር በኩል ወደሚዞር ከበሮ መሰል ዕቃ ይሄዳል። ቀንዱ ወደ ሰሚው ሲመጣ ድምፁ በጥቂቱ ይቀጥናል፥ ሲርቅም በጥቂቱ ይወፍራል፤ የፊዚክስ ሊቃውንት የዶፕለር ውጤት የሚሉት ነው። ሃሞንድ ፈጠራውን እንዲቀበለው ቢጠየቅም አልፈቀደም፤ ሌስሊም በ1940ዎቹ መጀመሪያ በራሱ መሸጥ ጀምሮ፥ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ለሲቢኤስ ሸጠ።

በዛሬዎቹ አሬንጀሮች ውስጥ «ሮታሪ» ተብሎ የሚገኘው ኢፌክት የዚያ ሣጥን አምሳለ ድምፅ ነው። የሌስሊን ሣጥን ራሱን ለአሬንጀር ማጉያ ማድረግ ግን አይመከርም፤ የኦርጋኑን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከበሮውንና ባሱንም አብሮ ያሽከረክራልና።

ድምፅ በክፍል ውስጥ

ማንኛውም ስፒከር ከክፍሉ ጋር ሆኖ እንጂ ብቻውን አይሰማም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል 4 ሜትር ርቀት ሲኖር ክፍሉ ወደ 43 ኸርዝ በሚጠጋ ድምፅ ላይ አብሮ ያስተጋባል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር፥ ይኸውም ሚ፥ 41.2 ኸርዝ፤ ቀጥሎ ያለው ፋ 43.7 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በከተሞቻችን በብዛት በሚሠራው 4 በ4 ክፍል ውስጥ አጃቢው ባስ በእነዚህ ሁለት ኖታዎች ላይ ሲያርፍ ግድግዳው አብሮ ያገሣል፤ የክፍሉ ርዝመትና ስፋት እኩል በመሆናቸውም ሁለቱ ማስተጋባቶች ተደርበው ነገሩን ያብሱታል።

ይህን ለመመርመር አጃቢውን አጥፍቶ፥ የባስ ድምፅ መርጦ፥ ከዝቅተኛው ሚ ጀምሮ ቁልፍ በቁልፍ በእኩል ኃይል እየመቱ እስከ ላ መውጣት ይበቃል። አንዱ ኖታ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ካበጠ ጥፋቱ በአብዛኛው የክፍሉ ነው፤ ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅ ወይም የተጫዋቹን ወንበር ከክፍሉ መካከል ወይም ከግድግዳው ጥግ ማንሣት ብዙ ጊዜ ሌላ ስፒከር ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል። ስፒከር ለግድግዳ ሲጠጋ ባሱ ይጨምራል፤ በሁለት ግድግዳዎች ማዕዘን ሲቀመጥ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል።

የሰው ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፥ ድምፅ ዝግ ባለ መጠን ባሱ ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ ፈጥኖ ከጆሮ ይጠፋል። ሌሊት ጎረቤት እንዳይነቃ በዝግታ የሚጫወት ሰው «ስታይሉ ባስ የለውም» ብሎ የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ በዝግታ የተስተካከለ ባስም በሰርግ ቤት ድምፁ ከፍ ሲል ይደነፋል።

የማጉያ ዓይነቶች

የስቱዲዮ ሞኒተር። ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው የተሠራ፥ አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘ፥ ጥንድ ሆኖ የሚገዛ ስፒከር ነው። ለቤት ተጫዋች በጣም የሚስማማው ይህ እንደሆነ ብዙዎች ይመሰክራሉ። መጠኑ ግን ልዩነት ያመጣል፤ ለምሳሌ ባለ 5 ኢንቹ ያማሃ ኤችኤስ5 በአምራቹ መግለጫ ከ54 ኸርዝ ሲጀምር፥ ባለ 8 ኢንቹ ኤችኤስ8 ከ38 ኸርዝ ይጀምራል፤ ከላይ የተጠቀሰው የባስ ሚ በሁለቱ መካከል ስለሚወድቅ፥ ትንሹን የገዛ ሰው ያንን ኖታ የሚሰማው በአብዛኛው በላይኞቹ አጃቢ ድምፆቹ በኩል ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና የተጫዋቹ ራስ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ፥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተርም በጆሮ ከፍታ እንዲሆን ይመከራል።

የመድረክ አክቲቭ ስፒከር። ባለ 8፣ 10 ወይም 12 ኢንች ሆኖ ለአዳራሽና ለድንኳን የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ በቅርብ ሲሰማ ቀንዱ ጆሮን ሊወጋ፥ የአንዳንዱም ማቀዝቀዣ በጸጥታ ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ ቤትም መድረክም ለሚጫወት ሰው ግን ሁለቱን አገልግሎት አንድ ዕቃ ይሸፍንለታል።

የኪቦርድ አምፕ። ለመሸከም ይቀላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው። የአሬንጀር ፒያኖና ስትሪንግ ድምፆች በስቴሪዮ የተቀረጹ በመሆናቸው፥ ግራና ቀኙ በአንድ ስፒከር ሲደባለቁ አንዳንዱ ድምፅ ሊሳሳ ይችላል።

የጊታር አምፕ። ድምፁ በግምት ከ80 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ስለሚወሰን ለአሬንጀር አይሆንም።

የብሉቱዝ ስፒከር። ሙዚቃ ለማዳመጥ ይበቃል፤ ለመጫወት ግን ቁልፉ ከተመታ በኋላ ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ስለሚዘገይ እጅና ጆሮ ይለያያሉ። አንዳንዱ የገመድ መግቢያ ስላለው በዚያ መጠቀም ይቻላል።

ዋትና ዴሲቤል

በሱቅ የሚነገረው የዋት ቁጥር ብቻውን ስለ ድምፁ ከፍታ ብዙ አይናገርም። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ይላል፤ ለጆሮ በእጥፍ የጎላ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል፥ ማለትም ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ50 ዋት የሚሠራውን፥ 87 ዴሲቤል የሚሰጠው በ500 ዋት ይሠራዋል። ለመኖሪያ ክፍል ከዋቱ ይልቅ ስፒከሩ ወደ ታች እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚወርድ መጠየቅ ይበጃል።

ገመድና ኤሌክትሪክ

ኪቦርዱ ግራና ቀኝ ተብለው በተለዩት ባለ 6.3 ሚሊሜትር የጃክ መውጫዎች ከስፒከሩ የላይን መግቢያ ጋር ይገናኛል። ተራው ገመድ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ለሚረዝም መንገድ ዲአይ ቦክስና የኤክስኤልአር ገመድ ጉምጉምታን ይቀንሳሉ። ሲበራ ኪቦርዱ ቀድሞ ስፒከሩ ኋላ፥ ሲጠፋ ስፒከሩ ቀድሞ ኪቦርዱ ኋላ ይሆናል፤ ይህ ሥርዓት ስፒከሩን ከድንገተኛ ምት ይጠብቀዋል።

የጆሮ ማዳመጫ

ከስፒከር ጋር ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት የሥራ ቦታ ወሰን ተደርጎ ይወሰዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪም ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

በኢትዮጵያና በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ

አንድ ሰው በኪቦርድ ባንድ ሆኖ መጫወት ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከምት መሣሪያ ጋር ብቻውን አዋሕዶ የቀረጸው አልበም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰምቷል። ዛሬ በሰርግና በመዝናኛ ቤቶች ከአንድ ዘፋኝ ጋር አንድ ኪቦርድ ብቻውን ሲያጅብ ማየት የተለመደ ነው።

ተጫዋቾች ከፋብሪካ ከሚመጡት ስታይሎች ይልቅ በራሳቸው ወይም በሌሎች የተዘጋጁ የችክችካና መሰል የስድስት ስምንተኛ ስታይሎችን ይመርጣሉ። እነዚህ ከበሮና ባሳቸው ብዙ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በትንሽ ስፒከር የተመዘነ ስለሆነ፥ በተሟላ ማጉያ ሲሰሙ የባሱን መጠን በኪቦርዱ ሚክሰር ላይ ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስመጡ ሰዎች ዋናው ጥንቃቄ የኤሌክትሪኩ ነው። በዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፥ በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ፥ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አክቲቭ ስፒከር እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። በጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለው አያሠጋም፤ የቮልት መምረጫ ካለው ከመሰካቱ በፊት ይስተካከል፤ ሁለቱም ከሌሉ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ለሚመጣው ኃይል ስታቢላይዘር መጠቀም ወይም ሶኬቱን መንቀል ይገባል።

ምርጫ

በጠቅላላው፥ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ ለሚጫወት ሰው ባለ 7 ወይም ባለ 8 ኢንች ጥንድ ሞኒተር፥ አልፎ አልፎ ለሰርግና ለጉባኤ ለሚወጣ ደግሞ ባለ 10 ኢንች ጥንድ አክቲቭ ስፒከር ይበቃል፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልደረሰ፥ ከአንድ ትልቅ ስፒከር ሁለት መካከለኞች ይሻላሉ። ገዢው ወደ ሱቅ ሲሄድ የሱቁን ሙዚቃ ሳይሆን የራሱን ኪቦርድና የሚወድደውን ስታይል ይዞ ሄዶ፥ በቤቱ በሚጫወትበት የድምፅ መጠን ይስማ፤ ከተቻለም ለመመለስ ተስማምቶ ይግዛ፤ ስፒከሩ በመጨረሻ የሚመዘነው በገዢው ክፍል ውስጥ ነውና።