ጉሉኮስ የተሰካለት አኳሪየም፡- የኮራል ማዕድንን በቤት ውስጥ በርካሽ ስለማዘጋጀት

«ዓሣውን ምን አሞት ነው?» አለኝ ከአዲስ አበባ ለሥራ ጉዳይ መጥቶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ያደረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፡፡ ነገሩ ከተፈጸመ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፡፡ ሳሎኔ ውስጥ ከቆመው የባሕር ውሃ አኳሪየም በላይ፣ ሆስፒታል ለበሽተኛ የሚሰካው ዓይነት የጉሉኮስ ቱቦ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ሲል ስላየ አልፈረድኩበትም፡፡ የታመመ ዓሣ ግን አልነበረም፡፡ በቱቦው የሚወርደው የኖራ ውሃ ሲሆን፣ የሚፈልጉትም ኮራሎቹ ነበሩ፡፡

ኮራል ብዙ ሰው እንደሚመስለው ድንጋይ ወይም ተክል ሳይሆን እንስሳ ነው፡፡ አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው በሚወስደው ካልሲየምና ካርቦኔት ነው፡፡ ሁለቱ ሲዋሃዱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ይሆናሉ፡፡ አባቴ በባሕር ኃይል ባልደረባነት ምጽዋ በነበረበት ዘመን ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች እንዳየ ሲያወራ ተረት ይመስለኝ ነበር፡፡ የምጽዋ አሮጌ ቤቶች እውነትም በኮራል ድንጋይ የተገነቡ መሆናቸውን ያወቅሁት፣ ይህን አኳሪየም ካቆምኩ በኋላ ሳነብ ነው፡፡

ባሕር ሰፊ ስለሆነ ኮራል የቱንም ያህል ቢወስድለት አይጎድልበትም፡፡ ሳሎን ውስጥ ያለ 230 ሊትር ውሃ ግን በቀናት ውስጥ ይራቆታል፡፡ በተፈጥሮ የባሕር ውሃ ውስጥ በሊትር 420 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ 1,300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም ይገኛል፡፡ አልካሊኒቲው ደግሞ 7 ዲግሪ ገደማ ነው፡፡ አልካሊኒቲ ሲባል በቀላሉ ውሃው አሲድን የማርከስ አቅሙ ሲሆን፣ በባሕር ውሃ ውስጥ በአብዛኛው የባይካርቦኔትና የካርቦኔትን መጠን ያመለክታል፡፡ ዓሣና ለስላሳ ኮራል ብቻ ላለው ሰው በየጊዜው ከውሃው ጥቂቱን መለወጥ ይበቃዋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አያስፈልገውም፡፡ አጥንት የሚሠሩትን፣ በተለይ ባለ ቅርንጫፎቹን ለሚያረባ ግን በየቀኑ ማዕድን መተካት ግድ ነው፡፡

እኔም እንደ ሌላው ሰው የጀመርኩት በሱቅ ጠርሙስ ነበር፡፡ በየወሩ የምከፍለው ገንዘብ ከዓሣዎቹ ምግብ ሲበልጥ የጠርሙሱን ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ፡፡ አንደኛው ጠርሙስ በውሃ የሟሟ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ሌላው ደግሞ ሶዳ ነው፡፡ የቀረው ውሃና ማስታወቂያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፡፡ ራንዲ ሆምስ ፋርሊ የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ይህንኑ በቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚቻልበትን ቀመር እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንተርኔት መጽሔት ላይ አሳትመው ለማንም በነፃ አበርክተዋል፡፡ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ቀመር ነው፡፡

አሠራሩ እነሆ፡፡ ለካልሲየሙ 500 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ተመዝኖ አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል እስኪሞላ በተጣራ ውሃ ይሟሟል፡፡ ሲሟሟ ስለሚሞቅ ዕቃው ቢግል አያስደንግጥ፡፡ እዚህ አገር በክረምት መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው አንዱ ጨው ይኸው ካልሲየም ክሎራይድ ነው፡፡ ሆኖም ከረጢቱ ውስጥ ሌላ ጨውና ቀለም ሊቀላቀል ስለሚችል እኔ ለምግብ የሚሆነውን ነው የምገዛው፤ የዋጋ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፡፡

ለአልካሊኒቲው 594 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል፡፡ ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፡፡ ፓውደሩ አሲድና ስታርች የተጨመረበት ስለሆነ ለዳቦ እንጂ ለዚህ አይሆንም፡፡ ሶዳው በሰፊ ትሪ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፡፡ በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ተንነው ይወጡና ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፡፡ መብሰሉን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ሚዛን ላይ ማውጣት ነው፡፡ 594 ግራም የገባው ወደ 375 ግራም ወርዶ ከተገኘ በቃው፡፡ ይህም ለብቻው አንድ ጋሎን ይሆናል፡፡ የውሃው ፒኤች ቀድሞውኑ ከፍ ያለበት ሰው ሶዳውን ሳያበስል መጠቀም ይችላል፤ ግን እንደ በሰለው በቀላሉ ስለማይሟሟ ሁለቱንም ፈሳሾች በግማሽ አቅጥኖ መሥራትና ዶዙን እጥፍ ማድረግ አለበት፡፡

ማግኒዥየም የሚያልቀው በዝግታ ነው፡፡ ከማግኒዥየም ክሎራይድና ከኢፕሰም ሶልት ይዘጋጃል፤ በወር አንድ ጊዜ ለክቶ ማስተካከል ይበቃል፡፡

ሁለቱን ዋና ፈሳሾች አንድ ላይ መቀላቀል ፈጽሞ አይቻልም፡፡ ወዲያው ኖራ ሆነው እንደ አሞሌ ይጋገራሉ፡፡ አኳሪየሙ ውስጥም ቢሆን ውሃው በደንብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ አንዱ ከገባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላውን መጨመር ይገባል፡፡

ዋናው ጥያቄ «ስንት ልጨምር?» የሚለው ነው፡፡ ለዚህ ከሌላ ሰው ቁጥር መዋስ አይቻልም፡፡ እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፡፡ ምንም ሳልጨምር አልካሊኒቲውን ቅዳሜ ማታ ስለካ 8.4 ነበር፤ ማክሰኞ በዚያው ሰዓት 6.9 ሆነ፡፡ በሦስት ቀን 1.5፣ በቀን 0.5 ዲግሪ ጎደለ ማለት ነው፡፡ ከላይ ከተጠቀሰው የሶዳ ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር 100 ሊትር ውሃ ላይ ሲጨመር አልካሊኒቲውን በ0.5 ዲግሪ ያህል ያነሳዋል፡፡ የኔው ገንዳ ሲገዛ 75 ጋሎን ተብሎ ቢሆንም፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ የሚይዘው ውሃ 230 ሊትር ነው፡፡ ስለዚህ በቀን 22 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፡፡ ኮራል ሁለቱን የሚወስደው በተወሰነ ምጣኔ (ለ2.8 ዲግሪ አልካሊኒቲ 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም) በመሆኑ ካልሲየሙም በዚያው መጠን 22 ሚሊ ሊትር ይሆናል፡፡ በዚህ ስሌት አንድ ጋሎን ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ያደርሳል፡፡ ባለ ሱቁ ደስ አይለውም፡፡

የጓደኛዬ ጉሉኮስስ? እሱ ከዚህም የረከሰ መንገድ ነው፡፡ እዚህ አገር ለኪያር መዘፍዘፊያ የሚሸጥ ንጹሕ ኖራ አለ፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፡፡ የግንባታ ኖራ ግን ባዕድ ነገር ስለሚበዛበት አይሆንም፡፡ አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ሊያሟሟ የሚችለው ከ2 ግራም ያነሰ ነው፤ የተረፈው ከታች ይዘቅጣል፡፡ ላይ ላዩን የቀረው ጥርት ያለ ውሃ ካልሲየምንም አልካሊኒቲንም በተፈለገው ምጣኔ ይዟል፤ አንድ ሊትሩ ለእኔ ገንዳ የቀኑን ቀለብ ይሸፍናል፡፡ በትነት የጎደለውንም ውሃ በዚሁ መተካት ይቻላል፡፡ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ግን በአንዴ ቢፈስ ይገድላል፤ ጠብታ በጠብታ፣ ያውም የአኳሪየሙ ፒኤች በሚወርድበት ሌሊት ነው መግባት ያለበት፡፡ ነርስ የሆነችው ባለቤቴ «ከሥራ ቦታዬ አመጣልሃለሁ ብለህ እንዳታስብ» ብላ አስጠንቅቃኝ ቱቦውን ራሴ ገዛሁ፡፡ ስሌቱን የሠራችልኝ ግን እሷ ነች፡፡ ቱቦው 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆን ዓይነት ነው፤ አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ በደቂቃ 42 ጠብታ፡፡ ችግሩ ኖራው ቱቦውን ስለሚደፍነው በየሳምንቱ በአቼቶ ማጠብ ይጠይቃል፡፡

የሥራ ጉዞ ሲበዛብኝ ማን በየማታው ጠብታ ይቆጥራል ብዬ ወደ ሁለቱ ፈሳሾች ተመለስኩና፣ በኢንተርኔት ሁለት ርካሽ ትንንሽ ፓምፖች ገዛሁ፡፡ ቱቦውን በሚሽከረከር ጎማ እየጨመቁ የሚገፉ ናቸው፤ ከታይመር ጋር ሲያያዙ በቀን የተወሰነ ደቂቃ ብቻ ይሠራሉ፡፡ ለአንድ ዓመት ያህል ጥሩ ሠሩ፡፡

አንድ ጠዋት ከመኝታ ክፍል ስወጣ አኳሪየሙ ወተት መስሎ ጠበቀኝ፡፡ የአንደኛው ፓምፕ ጎማ ላልቶ ቱቦውን መጭመቅ አቁሟል፡፡ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የሶዳው ጋሎን በራሱ ክብደት ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል፡፡ ግማሽ ሊትር ያህል ገብቷል፡፡ ሒሳቡን ስሠራው አልካሊኒቲው ከ11 ዲግሪ በላይ ሊጨምር የሚችልበት መጠን ነው፤ ጥንቃቄ የሚያውቁ ሰዎች በቀን ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይነሳ ይመክራሉ፡፡ አዲስ የባሕር ውሃ አዘጋጅቼ ግማሹን ለወጥኩ፡፡ ዓሣዎቹ ተረፉ፡፡ ከጣት ጫፍ ጀምሬ አራት ዓመት ያሳደግኋቸው ባለ ቅርንጫፍ ኮራሎች ግን በአምስት ቀን ውስጥ ቆዳቸው እየተላጠ ነጭ አጥንት ብቻ ቀሩ፡፡ ትንሿ ልጄ «አባ፣ ለምን ነጭ ሆኑ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም፡፡

ፓምፑ ርካሽ ስለነበር ነው ማለት ይቻላል፡፡ እኔ ግን ጥፋቱን ለራሴ ነው የምሰጠው፡፡ ውድ ፓምፕም ይላላል፡፡ ጋሎኑን ከአኳሪየሙ ውሃ በላይ ማስቀመጥ አልነበረብኝም፡፡ አሁን ሁለቱም ዕቃዎች ወለል ላይ፣ ከገንዳው በታች ናቸው፡፡ የቱቦዎቹ ጫፍ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያንጠባጥበው፡፡ ያለበለዚያ ደግሞ የአኳሪየሙ ውሃ ራሱ ወደ ታች ተስቦ ወለሉን ሊያጥለቀልቅ ይችላል፡፡ ከሁሉም በላይ ፓምፑ የሚቀዳበት ዕቃ ከአንድ ሳምንት ዶዝ በላይ እንዲይዝ አላደርግም፤ ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ በአንድ ሌሊት ሊገባ የሚችለው ያችው ናት፡፡ ዋናው ጋሎን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፡፡ ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ፡፡ ፈሳሾቹ ከንጹሕ ውሃ አይለዩም፤ የበሰለው ሶዳና የኖራው ውሃ ደግሞ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላሉ፡፡ በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ የሚታሰብ አይደለም፡፡ በጉልህ ጽፎ መለጠፍ፣ ሲያዘጋጁም ጓንትና መነጽር ማድረግ ያስፈልጋል፡፡

መቆጠብ የማልመክረው በመለኪያው ላይ ነው፡፡ ጊዜው ያለፈበት የአልካሊኒቲ ኪት የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ በትክክለኛው ስሌት ወደ ገደል ይመራል፡፡ የጨዉም መጠን በየወሩ መታየት አለበት፤ ከሁለቱ ፈሳሾች የሚተርፈው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የገበታ ጨው፣ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ የውሃውን ጨዋማነት ከፍ ያደርገዋል፡፡

ከዚያ ጥፋት በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ፓምፖቹን ማጥፋት ነበር፡፡ የሞተ ኮራል ካልሲየም አይወስድም፡፡ የድሮውን 22 ሚሊ ሊትር ብቀጥል ኖሮ ሁለተኛ ጥፋት ይሆን ነበር፡፡ እንደገና ከዜሮ ለካሁ፤ ለሁለት ወር ያህል በቀን 3 ሚሊ ሊትር በቂ ሆኖ ተገኘ፡፡ ቀደም ሲል ከአንደኛው ኮራሌ ቅርንጫፍ ቆርጬ የሰጠሁት አንድ የቬትናም ተወላጅ ጎረቤቴ የሆነውን ሲሰማ፣ ከዚያው ኮራል የአውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞልኝ መጣ፡፡ ዛሬ ጡጫ ታክላለች፡፡ ቅዳሜ ማታ ስለካ የሁሉም የቀን ፍላጎት 14 ሚሊ ሊትር ደርሷል፡፡