ስሪቪጃያ፦ በኃያላን መካከል የቆመ ኬላ

የስሪቪጃያን ታሪክ የሚተርኩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ዘርግተው ይጀምራሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከሕንድ ወደ ቻይና በባሕር የሚጓዝ ነጋዴ አቋራጭ ከፈለገ የሱማትራን ደሴት ከማላይ ልሳነ ምድር በሚለየው፣ ርዝመቱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የማላካ የባሕር ሰርጥ ማለፍ ነበረበት። ነፋሱም የራሱ ሕግ አለው። በሰሜኑ የቅዝቃዜ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ ነፍሶ ከቻይና የሚነሡትን መርከቦች ወደ ደቡብ ያወርዳል፤ ከግንቦት በኋላ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ከሕንድ የሚመጡትን ወደ ምሥራቅ ይገፋል። በአንዱ ነፋስ መጥቶ በሌላው የሚሄድ ሰው ወራት መጠበቅ ግድ ይለዋል። ሲጠብቅም ይበላል፣ መርከቡን ያድሳል፣ ዕቃውን ያራግፋል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በደቡብ ምሥራቅ ሱማትራ የገነነው የስሪቪጃያ መንግሥት የከበረው ከዚህ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ መልክዓ ምድሩ ዕድሉን ሰጠ እንጂ መንግሥቱን አልሠራም። የሠራው፣ ኋላም ያደከመው፣ ኃያላን ጎረቤቶቹ ለእሱ የነበራቸው ፍላጎት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ በካርታ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ የብዙዎች ነበር። የስሪቪጃያ መዲና ፓሌምባንግ ከባሕር ዳር እንኳ አልነበረችም፤ የሙሲን ወንዝ ይዞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በስተሰሜን ባለው የባታንግ ሃሪ ወንዝ ላይ ማላዩ የሚባል ሌላ መንግሥት ነበር፤ ከሰርጡ ማዶ ከዳህ ነበረች። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞም በሜኮንግ ወንዝ መጨረሻ ፉናን ገናና ነበር። በዚያ ዘመን መርከቦች የባሕሩን ዳርቻ ተከትለው ይጓዙ፣ ሸቀጡም በማላይ ልሳነ ምድር ጠባብ አንገት ላይ በየብስ ይሻገር ነበር። በ1944 ፈረንሳዊው ሉዊ ማልሬ ኦክ ኤኦ በተባለው የፉናን ከተማ ፍርስራሽ ባደረገው ቁፋሮ የሮማው ቄሣር አንቶኒኑስ ፒዩስ ስም ያለበት የወርቅ ጌጥ ማግኘቱ ንግዱ ምን ያህል ርቆ ይደርስ እንደነበር ያሳያል። መርከበኞች ሰርጡን አቋርጠው በቀጥታ መሄድ ሲያዘወትሩ ግን ፉናን ገበያው ራቀው። ተራራውና ወንዙ ባሉበት ነበሩ፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ስለ ማላዩ ዕጣ ደግሞ ቻይናዊው የቡድሃ መነኩሴ ዪጂንግ ምስክር ነው። በ671 ከጓንግዡ በፋርስ ነጋዴ መርከብ ተነሥቶ ሃያ ቀን ሳይሞላው ስሪቪጃያ ሲደርስ ማላዩ ራሱን የቻለ አገር ነበር። ከሕንድ ተመልሶ ማስታወሻውን ሲጽፍ ግን ማላዩ የስሪቪጃያ ሆኗል ይላል። በመካከሉ የሆነውን የሚጠቁመው በ682 ፓሌምባንግ አጠገብ የተቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ነው፤ ዳፑንታ ሂያንግ የተባለ መሪ 20,000 ሠራዊት አስከትሎ መዝመቱን፣ ከእነሱም 1,312ቱ በእግር መጓዛቸውን ይናገራል። ሁለት ተመሳሳይ ወንዞች፣ ሁለት ተመሳሳይ ወደቦች፤ አንዱ ገዢ ሌላው ገባር የሆነው በሰው ውሳኔና በጦር ነው።

ጦር ያሸነፈውን አገር ማቆየት ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ተላጋ ባቱ በተባለ ቦታ የተገኘው ድንጋይ ነው። አናቱ ላይ ሰባት የእባብ ራሶች ዣንጥላ መስለው ተቀርጸዋል፤ ከሥራቸው ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ በታች ውሃ የሚያንቆረቁር አፍ ተበጅቶለታል። ውሃው በፊደላቱ ላይ ይፈስስና በታች ይጠለቃል፤ ሹማምንቱም ያንን ጠጥተው ይምላሉ። ቃሉ መራራ ነው፦ መሐላውን የሚያፈርስ፣ ከጠላት ጋር የሚመክር በጠጣው እርግማን ይሞታል። ስማቸው የተዘረዘረውን ማየት ደግሞ ያስደንቃል። መሳፍንትና የጦር አዛዦች ብቻ አይደሉም፤ የመርከብ አለቆች፣ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎች፣ የንጉሡ ልብስ አጣቢዎች፣ ባሮቹም ሳይቀሩ አሉበት። ይህ ንጉሥ ሰፊ የእርሻ መሬት ይዞ ገበሬ የሚያስገብር አልነበረም። ካፉሩና የሚጤሰው የዛፍ ሙጫ የሚወርደው ከላይኛው ወንዝ ጫካ ነው፤ መርከቡን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢከዳው ሸቀጡ በቀላሉ ወደ ሌላ ወንዝ ይዞራል። ስለዚህ ሥልጣኑ የቆመው በታማኝነት ላይ ነበር፤ ታማኝነትን የሚገዛው ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሐር፣ ወርቅና ክብር ነው።

ጎረቤቶቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። የቻይና ቤተ መንግሥት ለሩቅ ነገሥታት ገበያውን የሚከፍተው እጅ መንሻ ይዘው ለመጡት መልእክተኞች ነበር። የስሪቪጃያ ነገሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1003 መልእክተኞቻቸው ለሶንግ ንጉሠ ነገሥት ዕድሜ የሚጸለይበት ቤተ መቅደስ በአገራቸው መሠራቱን ነግረው፣ ስም እንዲሰጠውና ደወል እንዲላክለት ለመኑ። በእነዚያው ዓመታት እነዚሁ ነገሥታት በደቡብ ሕንድ በናጋፓቲናም ወደብ የቡድሃ ገዳም ያሠሩ ነበር፤ የቾላው ንጉሥ ራጃራጃም የአንድ መንደር ገቢ ለገዳሙ ሰጠ። ቀደም ሲልም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባላፑትራ የተባለ ንጉሣቸው በሰሜን ሕንድ በናላንዳ ገዳም ሠርቶ፣ የአገሩ ንጉሥ ዴቫፓላ አምስት መንደሮች ለቆለት ነበር። ሦስት ኃያላን፣ ሦስት ደጆች፤ ለእያንዳንዱም በሚወደው ቋንቋ የተነገረ ቃል።

ይህን ሁሉ የሕንድ ባህል በደካማ አገር ላይ ያረፈበት ምልክት አድርገው ያዩት ነበሩ፤ ነገሥታቱ የሰጧቸውን የሚቀበሉ እንጂ የሚመርጡ አይመስሉም። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። የፓሌምባንግ ድንጋዮች ፊደላቸው ከሕንድ የመጣ፣ ሳንስክሪትም የበዛባቸው ቢሆኑም የተጻፉት በጥንታዊው የማላይ ቋንቋ ነው፤ የሚያስምሉትም በአገሩ ልማድ ነው። ዪጂንግ ከሺህ በላይ መነኮሳት በከተማይቱ እንዳሉ አይቶ፣ ወደ ሕንድ የሚሄድ ቻይናዊ መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት እዚያ ቢማር እንደሚበጀው መክሯል። እሱ ራሱ ስድስት ወር ሰዋስው ተምሮ፣ ኋላ ወደ ሕንድ ያሻገረው የንጉሡ መርከብ ነው። ሃይማኖቱ ከልብ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ግን መምህርና መርከብ ያለው አገር ተቀባይ ብቻ ሊባል አይችልም።

ከዚህ የጠነከረው ጥያቄ መንግሥቱ በእርግጥ ነበር ወይ የሚለው ነው። ስሪቪጃያ የንጉሥ ስም ሳይሆን የመንግሥት ስም መሆኑን ጆርጅ ሴዴስ ያስረዳው በ1918 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፈጽሞ ተረስቶ ነበር። እንደ ጃቫው ቦሮቡዱር ያለ ግዙፍ ሐውልት ፓሌምባንግ ውስጥ የለም፤ በ1970ዎቹ የተደረገ ቁፋሮም እዚህ ትልቅ ከተማ አልነበረም እስከ ማለት አድርሶ ነበር። ኋላ ግን ፒየር ኢቭ ማንጊን የመሩት ጥናት በወንዙ ዳር ከ8ኛው ክፍለ ዘመን የሚጀምር ብዙ የቻይና ሸክላ ስባሪ አወጣ። በ1225 የጻፈው የቻይና የወደብ ሹም ዣው ሩጓ የዚያ አገር ሰዎች ከከተማው ውጭ ተበታትነው፣ ወይም ውሃ ላይ በሣር ክዳን በተሸፈነ ታንኳ እንደሚኖሩ ይናገራል። እንጨትና ሣር በዚያ እርጥበት ሺህ ዓመት አይቆይም። ለዚህ መንግሥት ሕይወቱ ወንዙ ላይ ስለነበረ ድንጋይ የሚከምርበት ምክንያት አልነበረውም።

ውድቀቱን ብዙዎች ለቾላው ንጉሥ ራጄንድራ ይሰጡታል። በ1025 መርከቦቹ ሰርጡን ተሻግረው ወደቦቹን ዘረፉ፣ ንጉሡን ማረኩ፤ ዝርዝሩ በታንጃቩር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የወዳጃቸው የራጃራጃ ልጅ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሲወጋቸው ማየት ከባድ ነው። ሆኖም ቾላዎች አገሩን ይዘው አልገዙም፤ በ1028 የስሪቪጃያ መልእክተኞች እንደገና ቻይና ነበሩ። ይልቅ ያደከመው ቀስ ብሎ የመጣው ለውጥ ነው። በሶንግ ዘመን የቻይና ነጋዴዎች በራሳቸው መርከብ ወደ ደቡብ መውረድ ጀመሩ፤ ካፉሩንም ቅርንፉዱንም ከምንጩ ይገዙ ያዙ። አገናኝ ሳያስፈልጋቸው ሲቀር ለአገናኙ የሚሰጠው ክብርም ቀነሰ፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የበላይነቱ ቀድሞ ገባር ወደ ነበረው የማላዩ ወደብ፣ ወደ ጃምቢ ዞረ። ያው ዣው ሩጓ፣ ወደብ ሳይገባ ሊያልፍ የሚሞክር የንግድ መርከብ ቢኖር ጀልባዎቻቸው ወጥተው እስከ ሞት ይዋጉታል ይላል። ቀድሞ በነፋሱ ግድ የሚገባ መርከብ አሁን በጦር የሚገባ ሆኗል ማለት ነው።

በ1400 አካባቢ ፓራሜስዋራ የተባለ የፓሌምባንግ ልዑል ተሰድዶ በሰርጡ ማዶ ማላካን መሠረተ። ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ከላዩ ሆና ትጫነው ነበር። እሱም የቻይናን እውቅና ፈልጎ በ1405 ከሚንጉ ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ አገኘ፤ በ1411 ደግሞ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ሄደ።