ብርቅዬ ማዕድናትን የማጥራት ጥበብ፦ ከኢተርቢ እስከ ከሰል አመድ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1787 ዓ.ም. ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ የስዊድን የጦር መኮንን፣ ከስቶክሆልም አቅራቢያ ባለ ደሴት ላይ፣ በኢተርቢ መንደር የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ክብደቱ የሚያስደንቅ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ይህንኑ ድንጋይ በ1794 ዓ.ም. የመረመረው የፊንላንዱ ሊቅ ዮሐን ጋዶሊን፣ እስከዚያ ዘመን ያልታወቀ ኦክሳይድ እንደ ተሰወረበት ገለጠ፤ ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየምና ኢተርቢየም የተባሉት አራት ንጥረ ነገሮችም ስማቸውን የወረሱት ከዚያች መንደር ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህና ወገኖቻቸው፣ ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች የሚባሉት፣ ከአንድ ማኅፀን እንደ ወጡ መንትዮች፣ በባሕርያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የሊቃውንቱ ጽኑ ድካም የተጀመረው ከተገኙ በኋላ ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ሞሳንደር በ1841 ዓ.ም. ዲዲሚየም ብሎ አንድ የቈጠረው፣ ከአርባ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1885 ዓ.ም.፣ የኦስትሪያው ካርል አወር ጨዉን እያሟሟ ወደ ክሪስታል መመለሱን ደጋግሞ ሲሠራበት፣ ፕራሴዮዲሚየምና ኒዮዲሚየም ሆኖ ተከፈለ። በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሺር ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ጄምስም፣ በ1911 ዓ.ም. ንጹሕ ቱሊየም ለማግኘት ይህንኑ ሥራ 15,000 ጊዜ ያህል መላልሶታል። ይህን ድካም ያቃለለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በአዮዋ በፍራንክ ስፔዲንግና በባልንጀሮቹ እጅ የዳበረው የአዮን ልውውጥ ጥበብ ሲሆን፣ ከእርሱም በኋላ፣ በውሃና ከውሃ በማይቀላቀል ፈሳሽ መካከል የሚለየው ዘዴ በፋብሪካዎች ሠለጠነ።

የከሰል አመድም ወደዚህ ታሪክ የገባው በ1930ዎቹ፣ የጂኦኬሚስትሪው ሊቅ ቪክቶር ጎልድሽሚት፣ ከሰል ሲቃጠል ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች በአመዱ ውስጥ እንደሚከማቹ ባስረዳ ጊዜ ነው። ነገር ግን በአንድ ቶን አመድ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ግራም ያህል ብቻ ከመሆኑም በላይ፣ ከእቶኑ ትኵሳት የተነሣ ገሚሱ በመስታወት መሰል ቅንጣት ውስጥ ታስሮ ስለሚገኝ፣ አስቀድሞ በአልካሊ መጥበስ ወይም በብርቱ አሲድ ማሟሟት፣ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ማስወገድ፣ ቀጥሎም በኦክሳሊክ አሲድ አዝቅጦ በእሳት ወደ ኦክሳይድ መለወጥ ያስፈልጋል፤ መንትዮቹን እርስ በርሳቸው የመለየቱ ሥራ ግን ገና ከዚህ በኋላ ይቀራል።

እንግዲህ የዚህ ሀብት ዋጋ ያለው ከመገኘቱ ይልቅ በመጥራቱ ነው፤ አመዱን ወደ በረከት እንለውጣለን የሚሉ ሁሉ፣ የአሲዱንና የዝቃጩን ማሳረፊያ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ወንዝ መርዞ የተገኘ ንጽሕና ንጽሕና አይባልምና።