የሕፃናት መዋያ በር ለማን ተከፈተ?

በአሜሪካ ለሚኖር ወላጅ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ኪስ የሚያራቁተው ወጪ የሕፃናት መዋያ ክፍያ ነው። አገር ቤት አያት ነበረች፤ አክስት ነበረች፤ እነሱም ባይኖሩ ጎረቤት ልጁን ከልጆቿ ጋር አብልታ ታውለው ነበር። እዚህ ግን ልጅ የሚይዝ ሁሉ በሰዓት ይከፈለዋል። መንግሥት ይህን ሸክም ለማቃለል ገንዘብ እንደሚመድብ ብዙው ወገን ሰምቷል። ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ ሲጠየቅ ግን ወሬው ከሕጉ ይቀድማል። «አምስት ዓመት ያልሞላው አይገባውም»፣ «ግሪን ካርድ ላይ እንከን ይሆናል» እየተባለ፣ መግባት የሚችል ልጅ ደጅ ይቀራል።

ይህ መደናገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት መዋያ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። በሩ በተከፈተ ቁጥርም «ማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ተለዋውጧል። ታሪኩን ማወቅ መብትን ለማወቅ ይረዳልና ከመነሻው መመልከቱ ይበጃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሩ መጀመሪያ የተከፈተው ለአዋቂዎች ሲባል ነው

የፌዴራሉ መንግሥት ለሕፃናት መዋያ በሰፊው ገንዘብ ማውጣት የጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። በ1933 መገባደጃ፣ በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን፣ በሃሪ ሆፕኪንስ ይመራ የነበረው የአስቸኳይ ርዳታ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ፈቀደ። የገቡት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንዱ ዋና ዓላማ ሥራ የፈቱ መምህራን፣ ነርሶችና ወጥ ቤቶች ደመወዝ እንዲያገኙ ነበር። ልጆቹ ምሳና ሕክምና አገኙ፤ ፕሮግራሙ ግን ከመነሻው ጊዜያዊ ነበር።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶች ወደ መርከብና ወደ አውሮፕላን ፋብሪካ ገቡ። በ1940 ለጦር ሠራተኞች መኖሪያና አገልግሎት ማሠሪያ የወጣው የላንሃም ሕግ፣ ከ1942 ጀምሮ ለሕፃናት መዋያም ዋለ። በዚህ ገንዘብ ወደ 3,000 የሚጠጉ መዋያዎች ተከፈቱ፤ በጦርነቱ ዘመን በጠቅላላ ከ500,000 በላይ ልጆች እንደተገለገሉባቸው ይገመታል። ወላጅ መጀመሪያ የሚከፍለው በቀን 50 ሳንቲም ያህል ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእናትየዋ ገቢ አልተመረመረም፤ ድሃ መሆኗን ማስመስከር አላስፈለጋትም። ለጦርነቱ በሚሠራ አካባቢ መሥራቷ ይበቃ ነበር። በኦሪገን ስቴት በፖርትላንድ ከተማ የካይዘር የመርከብ ፋብሪካዎች በ1943 የከፈቷቸው መዋያዎች ደግሞ ሌሊትም ይሠሩ ነበር፤ እናት ከሥራ ስትወጣ የተዘጋጀ እራት ይዛ እንድትሄድም ይደረግ ነበር።

ጦርነቱ እንዳበቃ ዋሽንግተን ገንዘቡን አቆመ። ከየከተማው እናቶች ደብዳቤና አቤቱታ ቢያጎርፉም ያገኙት የጥቂት ወራት ማራዘሚያ ብቻ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1946 በሩ ተዘጋ። ካሊፎርኒያ በራሷ ባጀት ስታስቀጥል፣ አብዛኞቹ ስቴቶች ቆልፈው ሄዱ። በሩ ለልጁ ሲባል ስላልተከፈተ፣ የልጁ ፍላጎት ሊያቆየው አልቻለም።

ሄድ ስታርትና የሚሲሲፒ ወላጆች

ከ20 ዓመት ግድም በኋላ ግን ለልጁ ራሱ ታስቦ የተጀመረ ፕሮግራም ብቅ አለ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድህነት ላይ ባወጁት ዘመቻ፣ በሳርጀንት ሽራይቨር መሪነት በ1965 ክረምት ሄድ ስታርት ተጀመረ። በስምንት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተመዘገቡ። ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ምግብ፣ የሐኪም ምርመራና ክትባትም ነበረው። በዋናነት የሚገባው ከድህነት መስመር በታች ያለ ቤተሰብ ልጅ ሆነ።

ሄድ ስታርትን ከቀደሙት የለየው ወላጆችን በሥራውና በአመራሩ ማስገባቱ ነው። በሚሲሲፒ ስቴት የሕፃናት ዕድገት ቡድን የተባለው ድርጅት በ1965 ክረምት 6,000 ያህል ልጆች ሲይዝ፣ የቀጠረው በአብዛኛው ጥቁር ድሆች ወላጆችን ነበር። ትናንት በነጭ ገበሬ ማሳ ጥጥ ትለቅም የነበረች እናት የመንግሥት ደመወዝ አገኘች። የስቴቱ ሹማምንት ይህን አልወደዱትም። ሴናተር ጆን ስቴኒስ ገንዘብ ባክኗል የሚል ክስ አንሥተው ፈንዱ እንዲቆም ተሟገቱ። በፌብሩዋሪ 1966 ወላጆችና መምህራን ወደ 50 የሚጠጉ ሕፃናትን በአውቶቡስ ጭነው ዋሽንግተን ገቡ፤ የኮንግረስ ኮሚቴ አዳራሽ ውስጥም ልጆቹን ሲያጫውቱና ሲያዘምሩ ዋሉ። ድርጅቱ ፈንድ እየተሰጠው እየተነጠቀ ቢሰቃይም፣ ወላጅ ባለቤት የሆነበትን ነገር መዝጋት ቀላል አለመሆኑ ታየ። በ1970 የወጣ መመሪያም ወላጆች በየፕሮግራሙ ምክር ቤት ውስጥ ቢያንስ ግማሹን ወንበር እንዲይዙና በሠራተኛ ቅጥር ጭምር ድምፅ እንዲኖራቸው አጸና።

ሳይከፈት የቀረው ትልቁ በር

በ1971 በሴናተር ዋልተር ሞንዴልና በተወካዩ ጆን ብራዴማስ የቀረበው ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። ሕጉ ለድሃው በነፃ፣ መካከለኛ ገቢ ላለው እንደ አቅሙ በሚከፍለው፣ የሕፃናት መዋያ በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ የሚያደርግ ነበር። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ግን ዲሴምበር 9 ቀን 1971 ፊርማቸውን ነፈጉት። ያቀረቡት ምክንያት፣ ሕጉ የመንግሥትን ሥልጣን ከቤተሰብ ይልቅ ከጋራ የልጅ አስተዳደግ ጎን ያሰልፋል የሚል ነበር። በኮሙኒስት ሥርዓት ሥር ያለፈ ኢትዮጵያዊ የዚህን ክርክር ቃና ሳያውቀው አይቀርም። ሴኔቱ ውሳኔውን ለመሻር ሞክሮ አስፈላጊውን ድምፅ አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ለሁሉም የሚሆን ሥርዓት ሳትዘረጋ ቀረች። በምትኩ ጥቃቅን በሮች ተከፈቱ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁልፍ አለው።

የ1990ና የ1996 ሕጎች

በ1990 የወጣው ሕግ ለስቴቶች የልጅ መዋያ ገንዘብ ሲሰጥ ቫውቸር አመጣ። ወላጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ መረጠው መዋያ ይሄዳል፤ የስቴቱን ደንብ እስካሟላች ድረስ በቤቷ ልጆች የምትይዝ ሴትም በዚያ ሊከፈላት ይችላል። በቤታቸው የሕፃናት መዋያ ለከፈቱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ትልቅ ትርጉም ያለው ይህ ነው፤ ልጁ አማርኛ እየሰማ እንዲውል የመንግሥት ገንዘብ ሊከተለው ቻለ።

በ1996 የወጣው የዌልፌር ማሻሻያ ሕግ የተበታተኑትን የመዋያ ፈንዶች አንድ አደረገ። በፌዴራሉ ደንብ ልጁ በመሠረቱ ከ13 ዓመት በታች፣ ወላጅ ሥራ ወይም ትምህርት ወይም ሥልጠና ላይ፣ የቤተሰቡ ገቢም ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ ከ85 በመቶ ያልበለጠ መሆን አለበት። ስቴቶች ከዚህ ዝቅ ያለ የገቢ ጣሪያ ማውጣት ስለሚችሉ፣ በአንዱ ስቴት የሚገባው ቤተሰብ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ስቴት ሲገባ ላይገባው ይችላል።

ለመጤው የከበደው ግን ያው ሕግ ያመጣው ሌላ ክፍል ነው። ከሕጉ በኋላ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው ለዌልፌርና ለሜዲኬድ በጥቅሉ አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ተደነገገ። በዲቪ የመጣው ወገን «አምስት ዓመት» የሚለውን ቃል ሰምቶ በሁሉም ነገር ላይ ጫነው። ይህ የአምስት ዓመት እገዳ ግን የልጅ መዋያ ፈንዱን አልነካም። በ1998 የወጣው የመንግሥት ማብራሪያ ደግሞ በዚህ ፈንድ የሚታየው የልጁ ወረቀት እንጂ የወላጁ እንዳልሆነ ገለጠ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ፣ የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ልጅም በዚህ ረገድ ብቁ ነው። በዚያው ዓመት ሄድ ስታርት ዜግነት ከሚጠየቅባቸው ርዳታዎች ውጭ ተደረገ።

«የመንግሥት ሸክም» የሚለው ሥጋትም እንዲሁ ከሕጉ አልፎ ሄደ። በ1999 የወጣው መመሪያም ሆነ በ2019 የወጣው እጅግ የጠበቀ ደንብ የልጅ መዋያ ድጎማንና ሄድ ስታርትን አልቆጠሩም። ይሁንና በ2019 የማይመለከታቸው ቤተሰቦች ሳይቀሩ ፈርተው ልጆቻቸውን ከልዩ ልዩ ርዳታ አወጡ። ያኔ በሩን የዘጋው ፍርሃት ነው።

የቅርብ ጊዜው ፈተና

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2021፣ ኮንግረስ ለሕፃናት መዋያ 39 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ፤ የላንሃም ታሪክ ተደገመና ከዚህ አብዛኛው እጅ በሴፕቴምበር 2023 አለቀ። በጁላይ 2025 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የ1998ን ትርጉም ሽሮ ሄድ ስታርት የኢሚግሬሽን ወረቀት የሚታይበት ርዳታ እንዲሆን አስታወቀ። ስቴቶች በአንድ ወገን፣ የሄድ ስታርት ማኅበራትና የወላጆች ድርጅቶች በሌላ ወገን ከሰሱ። በሴፕቴምበር 2025 በሮድ አይላንድና በሲያትል ያሉ የፌዴራል ዳኞች መመሪያው በሄድ ስታርት ላይ እንዳይሠራ በጊዜያዊ ትእዛዝ አገዱ። በ1966 አዳራሹን የሞሉት ወላጆች ውርስ፣ ከ60 ዓመት ግድም በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ታየ።

መብት ቢኖርም ወረፋው ረጅም ነው። በመንግሥቱ በራሱ ግምት በ2019 በፌዴራሉ ደንብ የሚገባቸው ሆነው ድጎማውን ያገኙት ልጆች ከስድስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ሌላ መንገድ የያዙ ቦታዎችም አሉ። ጆርጂያ በሎተሪ ገቢ የጀመረችውን የአራት ዓመት ልጆች ትምህርት በ1995 የቤተሰብ ገቢ ሳትጠይቅ ለሁሉም ከፈተች፤ የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2008 ባወጣችው ሕግ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን ለማዳረስ ተነሣች። እዚያ ቁልፉ ድህነት ሳይሆን ነዋሪነት ነው። ያም ሆኖ ቦታ የሚያገኘው በጊዜው ያመለከተ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ማመልከቻ ከመተዉ በፊት በሚኖርበት ስቴት ያለውን ደንብ ይጠይቅ፤ የወረቀት ሥጋት ካለበትም ከቡና ቤት ወሬ ይልቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ልጁ ሄድ ስታርት ከገባለት ደግሞ በወላጆች ምክር ቤት ውስጥ ወንበር እንዳለው አይርሳ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ አስተርጓሚ እንዲቀርብም ሆነ የምዝገባ ማስታወቂያው በአማርኛ እንዲወጣ ድምፅ መስጠት ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!