ቀላድና ካዳስተር፦ የሐዋሳ መሬት በማን ፊት ተለካ?

ሐዋሳ ውስጥ ቤት ያለው ሰው «ካርታ አለኝ» ሲል በአንዲት ቃል የብዙ ዘመን ታሪክ መጥራቱ ነው። ካርታው ላይ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የማዕዘኖቹ ነጥቦችና አዋሳኞቹ ሰፍረዋል። ይሁንና ቀያሽ መጥቶ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ሲያቆም የባለይዞታው ልብ ይመታል። አጥሬ ገባ ይሉኝ ይሆን ወይስ ወጣ? ጎረቤቴስ ምን ይል ይሆን? ውድ አንባብያን! ልኬት ሰውን ከክርክር የሚያወጣ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል «ሊለኩ መጡ» የሚለው ወሬ ለምን ያስደነግጥ ነበር?

መልሱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲዳማን ከያዘ በኋላ ቀላድ ተከተለ። ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 66 ሜትር ገደማ ይሆናል። በእርሱ እየተለካ የሚከፈለው መሬት ጋሻ ይባላል፤ ኋላ ላይ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ተብሎ ተለመደ። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ይመደባል፤ ግብሩም በዚያው ልክ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ከተለካው ሲሶው ለአገሬው ባላባት ይተውና የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክህነት ይደለደላል። አራሹ ከጎጆው ሳይነቃነቅ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚኖር ገባር ሆኖ አደረ። ገመዱ አልዋሸም ይሆናል፤ የተዘረጋው ግን መሬቱን ለሚወስደው ወገን ነበር።

ልኬት ሁልጊዜ እንዲህ ነውን? አይደለም። በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የኢራቅ ለም ምድር፣ ሰዋድ የሚባለው፣ በሙስሊሞች እጅ ሲገባ ወታደሮቹ መሬቱ ይከፋፈለን ብለው ነበር። ዑመር ግን ከብዙ ምክክር በኋላ እምቢ አሉ። የኋላ ትውልድ ምን ይበላል? የሚል ነበር ጭንቀታቸው። ከዚያም ዑስማን ኢብኑ ሁነይፍን (ረ.ዐ) ልከው መሬቱን አስለኩት። ቃዲ አቡ ዩሱፍ በኸራጅ ኪታባቸው እንደዘገቡት ልኬቱ 36 ሚሊዮን ጀሪብ ወጣ። መሬቱ በአራሾቹ እጅ ቀረ፤ በየጀሪቡ ግብር ተጣለበት። ይህ ማለት በኋለኞቹ ገዢዎች ዘመን ግብሩ አራሹን አላስመረረውም ማለት አይደለም፤ አስመርሮታል። ነገር ግን መሬት መለካትና መሬት መንጠቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሰዋድ ታሪክ ያሳያል።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ አዳሬ የሚባል የሲዳማ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማው ሲቆረቆር መንገዱ በፕላን ቀድሞ ተሰመረ፤ ቤቱ ተከተለ። ዛሬ የምናደንቃቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ቅየሳ ውጤት ናቸው። የግጦሽ መብት ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ከብት ያሰማራ ሰው ችካል አልተከለም፤ ችካል ያልተከለ ደግሞ በቀያሽ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከገመዱ ያልተናነሰ በደል ነው።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆነውንም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ገባ፤ በ2004 ዓ.ም. ሕጉ ጠበቀ። ለወሰን ጉዳይ ትልቁ ለውጥ ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በካዳስተር ካርታ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ሰው አለ፦ ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ተገኝቶ ወሰኑን ያመላክታል፣ አዋሳኞቹ ያያሉ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጣል፣ ቅር ያለው አቤት ይላል።

ቁጥሩን ብቻ የሚያምን ሰው ይህንን ይስማ። የአገራችን የቅየሳ ነጥቦች ለረጅም ዓመታት የተሰሉት አዲንዳን ከተባለ መነሻ ነው። አዲንዳን በደቡብ ግብፅ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረ የኑቢያውያን መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ በአስዋን ታላቁ ግድብ ምክንያት ከቀያቸው ተነሡ። የተፈናቀለ መንደር የእኛ ወሰን መነሻ መሆኑ ይገርማል። በአዲንዳን ስሌት የተሠራን የቆየ ካርታ ቁጥር በእጅ ስልክ ላይ ሳያመሳክር የሚፈልግ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ሊቆም ይችላል።

የወሰን ጠብ በመዲናም ነበር። አርዋ የተባለች ሴት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) መሬቴን ወሰዱብኝ ብላ ለገዢው ለመርዋን ከሰሰቻቸው። እርሳቸው አንዲት ስንዝር በግፍ የወሰደ በትንሣኤ ቀን የሚደርስበትን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምቼ ሳለ እንዴት ይህን አደርጋለሁ? አሉና የጠየቀችውን ተዉላት። ዘጋቢዎች እንደሚሉት ኋላ በዐቂቅ ጎርፍ ወርዶ የቀድሞውን የወሰን ምልክት ገለጠው፤ ወሰኑም ሰዒድ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

በሐዋሳ ጎርፍ የሚመሰክርለት የለም። በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎች የብዙው ገበሬ ወሰን እንሰቱና የባሕር ዛፉ ረድፍ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር ይዞታ ደብተር ምዝገባ መሬት በገመድ የተለካበት ቦታ ነበር። ገመድ እንደገና! ግን አሁን አዋሳኞቹ ቆመው፣ የሚስትም ስም ከባል ጋር እየተጻፈ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ ደብተሩ የሌለው ሰው ባለይዞታነቱን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ይዞራል።

በከተማው መሐል ደግሞ ጥያቄው የውርስ ነው። ባልየው በስሙ ብቻ 500 ካሬ ሜትር ይዞ ሚስትና ልጆች ትቶ ቢሞትና ወራሾቹ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ ነው፤ 62.5 ካሬ ሜትር። ቀያሹ ይህችን ቦታ ለክቶ ችካል ሊተክልላት ይችላል። ከተማው ለአንድ ቦታ ከወሰነው ዝቅተኛ ስፋት ካነሰች ግን የራሷ ካርታ አይወጣላትም። ስለዚህ ወራሾቹ ወይ በጋራ ስም ያስመዘግባሉ፣ ወይ አንዱ ለሌላው ግምቱን ከፍሎ ይጠቀልለዋል፤ ይህንንም ቀያሹ ሳይጠራ በፊት፣ ሽማግሌና ምስክር ባሉበት በጽሑፍ ቢጨርሱት ይሻላል።