በቆዩ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ላይ የጎማ መጠን መቀየር

የጎማ መጠን መቀየር ሲባል በሞተር ሳይክሉ ላይ ፋብሪካው ከወሰነው የተለየ ስፋት፣ የጎን ከፍታ ወይም የቸርኬ ዲያሜትር ያለው ጎማ መግጠም ማለት ነው። በተለይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት ለነባሩ መጠን የሚሠሩ ዘመናዊ ጎማዎች ምርጫ ማነሱ ሲሆን፣ አንዳንድ ባለቤቶች ደግሞ ለመልክ ሲሉ ሰፋ ያለ ጎማ ይመርጣሉ። ጎማው የሞተር ሳይክሉን ቁመት፣ የመሪውን ጠባይ እና በመታጠፊያ ላይ የሚኖረውን መረጋጋት ስለሚነካ፣ አዲሱ ጎማ ቸርኬው ላይ መግባቱ ብቻ ለውጡ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም።

ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ፋብሪካዎች ከውድድር ሜዳ ባገኙት ልምድ በስፖርት ሞተር ሳይክሎች ላይ ባለ 16 ኢንች የፊት ጎማ መግጠም ጀመሩ። ዓላማው መሪው ቶሎ እንዲታዘዝ ማድረግ ነበር። በ1983 የወጣው ሆንዳ ቪኤፍ750ኤፍ እና በ1984 የወጣው ካዋሳኪ ጂፒዜድ900አር የዚህ ዘመን ምሳሌዎች ናቸው፤ የሁለቱም የኋላ ጎማ 18 ኢንች ነበር። ሱዙኪ በ1985 ያወጣው ጂኤስኤክስ-አር750 ደግሞ ከፊትም ከኋላም 18 ኢንች የነበረ ሲሆን በ1988 ወደ 17 ኢንች ተለወጠ። በ1990ዎቹ 17 ኢንች ለስፖርት ሞተር ሳይክሎች የተለመደው መጠን ሆነ። አምራቾች አዳዲስ የስፖርት ጎማዎችን በብዛት የሚያወጡት በዚሁ መጠን በመሆኑ የ16 እና የ18 ኢንች ቸርኬ ያላቸው ባለቤቶች ምርጫ ጠበበ።

የመጠኑ አነባበብና ስሌት

በጎማው ጎን ላይ ከሚጻፈው 120/70-17 ውስጥ 120 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር ይሰላል፦

ጠቅላላ ዲያሜትር = (የቸርኬ ዲያሜትር × 25.4) + 2 × (ስፋት × መቶኛ ÷ 100)

ስለዚህ ስፋቱን ብቻ ጨምሮ መቶኛውን እንዳለ መተው ጎማውን ከፍ ያደርገዋል። የስሌቱ ውጤት ግምታዊ ነው፤ ተመሳሳይ መጠን የተጻፈባቸው ጎማዎች ከአምራች አምራች በጥቂት ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ።

ምሳሌ፦ ካዋሳኪ ጂፒዜድ900አር

ይህ ሞተር ሳይክል ሲወጣ የፊት ጎማው 120/80-16፣ የኋላው 130/80-18 ነበር። ፋብሪካው ራሱ በ1990 ሞዴል ላይ የፊቱን ወደ 120/70-17፣ የኋላውን ወደ 150/70-18 ቀየረ። ጠቅላላ ዲያሜትራቸው ሲሰላ፦

የፊት፣ 120/80-16፦ 598.4 ሚሊሜትር
የፊት፣ 120/70-17፦ 599.8 ሚሊሜትር
የኋላ፣ 130/80-18፦ 665.2 ሚሊሜትር
የኋላ፣ 150/70-18፦ 667.2 ሚሊሜትር

ቸርኬው በ1 ኢንች ቢያድግም፣ የኋላ ጎማው በ20 ሚሊሜትር ቢሰፋም፣ የጎማዎቹ ጠቅላላ ዲያሜትር የተለወጠው በ2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። መጠን ሲቀየር ጠቅላላው ዲያሜትር ከቀድሞው ጋር እንዲቀራረብ የሚመከረው በዚህ ዓይነት አሠራር ነው።

ከኋላ ያለው 130/80-18 ከሌላ ሞዴል በተወሰደ ባለ 17 ኢንች ቸርኬና በ160/60-17 ጎማ ቢተካ ግን ዲያሜትሩ ወደ 623.8 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህ የ6.2 በመቶ ቅናሽ ነው።

በአነዳድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ከላይ በተጠቀሰው የ160/60-17 ምሳሌ የሞተር ሳይክሉ የኋላ ክፍል በ21 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1,500 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የፊት ሹካው በ0.8 ዲግሪ ገደማ ተጨማሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። በዚህ ምክንያት መሪው ይከብዳል፣ ሞተር ሳይክሉም ወደ መታጠፊያ ለመግባት ይዘገያል። የእግር መርገጫው ወደ መሬት ስለሚቀርብ በመታጠፊያ ላይ ቀድሞ አስፋልት ይነካል። የጎን ማቆሚያውም ለአዲሱ ቁመት ረዥም ስለሚሆንበት ሞተር ሳይክሉ ሲቆም ቀጥ ብሎ በሌላው ጎን ሊወድቅ ይችላል። የፊት ጎማው ብቻ ከፍ ቢል ሹካው በተመሳሳይ መንገድ ይጋደማል። የኋላው ብቻ ከፍ ቢል ግን ሹካው ቀጥ ይላል፤ መሪው ይቀላል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ያለው መረጋጋት ግን ይቀንሳል።

የፍጥነት መለኪያው መጠኑ ከተቀየረው ጎማ ጋር የተያያዘ ከሆነ ንባቡ ይዛባል። ዲያሜትሩ 6.2 በመቶ ሲቀንስ፣ ቀድሞ በትክክል ያነብ የነበረ መለኪያ 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 94 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። በብዙ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች መለኪያው በኬብል ከፊት ጎማ ጋር ስለሚገናኝ የኋላውን መቀየር ንባቡን አይነካም፤ ሆኖም ማርሹ እንዳጠረ ያህል ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ላይ የበለጠ ይሽከረከራል።

የቸርኬ ስፋት

እያንዳንዱ ጎማ የሚመጥነው የቸርኬ ስፋት አለው። ለምሳሌ ለ120/70-17 የተለመደው ስፋት 3.50 ኢንች፣ ለ160/60-17 4.50 ኢንች፣ ለ180/55-17 ደግሞ 5.50 ኢንች ነው። የ1980ዎቹ ቸርኬዎች ከዘመናዊዎቹ ጠባብ ናቸው። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስለሚሳቡ አናቱ ይሾላል። ያን ጊዜ ሞተር ሳይክሉ ሲጋደም ጎማው አስፋልት የሚነካበት ስፍራ ዲዛይነሩ ካሰበው ይለያል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ የተሻለ ቁንጥጫ ይሰጣል ማለት አይቻልም። ከዚህም ሌላ ጎማው በሰፋ መጠን፣ አንድን መታጠፊያ በተመሳሳይ ፍጥነት ለማለፍ ሞተር ሳይክሉ የበለጠ መጋደም ይኖርበታል።

አሠራር፣ ጭነት እና ፍጥነት

ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ሞተር ሳይክሎች የተነደፉት የውስጥ ክሮቻቸው በሰያፍ ለሚሻገሩ ጎማዎች ነው። ራዲያል ጎማ የጎኑ ጥንካሬና የሚፈልገው የቸርኬ ስፋት የተለየ ነው። የጎማው አምራች ካልፈቀደ በቀር ሁለቱን ዓይነቶች ከፊትና ከኋላ ቀላቅሎ መግጠም አይመከርም።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 58 ማለት 236 ኪሎ ግራም፣ 73 ማለት 365 ኪሎ ግራም ነው። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ወሰን ነው፦ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብሊው እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። አዲሱ ጎማ በሁለቱም ከፋብሪካው መመዘኛ ማነስ የለበትም።

ከመግጠም በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጎማው ከሰንሰለቱ፣ ከኋላ ጎማ መያዣ ክንዱ እና ከፓራፋንጎው ጋር በቂ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር በመጠኑ ስለሚለጠጥ፣ ቆሞ ሳለ የማይነካ ጎማ በጉዞ ላይ ሊነካ ይችላል። ቸርኬውም ከተቀየረ የፊትና የኋላ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸው፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለቱ እና የፍሬን ዲስኩ በቦታው መግባቱ ይታያል።

የተመረተበት ጊዜም ይነበባል። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ብዙም የማይሸጡ መጠኖች መጋዘን ውስጥ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ጥርሱ ያልተነካ ጎማ እንኳ ደርቆና ቁንጥጫው ቀንሶ ሊገኝ ይችላል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በጀርመን በተሽከርካሪው ፈቃድ ውስጥ ያልተካተተ የጎማ መጠን በአጠቃላይ በቴክኒክ መርማሪ ታይቶ መጽደቅ አለበት።